የንያኪም በርበሬ በነጩ ሰሌዳ ላይ

አንድ ቁንጥር በርበሬ ፊት ለፊት ተቀምጬ እንባዬ የመጣበት ቀን አለ። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፤ በቀላሉ የምፈራ ሴት አለመሆኔን የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ያየሁት ነገር ነው ያስለቀሰኝ። ከእናንተ መካከል የተማራችሁት «ይቺ አሮጊት በዚህ ተደነቀች?» ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ ግድ የለም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በዚያን ጊዜ ጁባ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ሆሳዕና ያለውን ቤቴን ዘግቼ የመጣሁት ልጄ ሁለተኛዋን ስትወልድ ላርሳት ብዬ ነው። አራሷ ተነሳች፣ እኔ ግን ቀረሁ። አማቼ ታደሰ ሃይ ማላካል በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት አለው። የምንኖረው ንያኩሮን ሰፈር ሲሆን፣ ጠዋት ጠዋት አብሬው እየሄድኩ ኩሽናውን እቆጣጠራለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። በርበሬ ግን በዓይኔ አይቼ፣ በጣቴ አሽቼ፣ ይሄ የዚህ አገር ነው፣ ይሄ ዝናብ ነክቶታል እላለሁ። በዚህም ኮራ እል ነበር።

ለምግብ ቤቱ የወጥ በርበሬ የምታቀርብልን ንያኪም የምትባል ሴት ነበረች። የደቡብ ሱዳን ሰው ናት፤ ኑዌር። በልጅነቷ ከጦርነት ሸሽተው ጋምቤላ መጠለያ ውስጥ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ የተሻለ ነው። በርበሬ ማዘጋጀት ያስተማረቻት እዚያው የነበረች ኢትዮጵያዊት ጎረቤቷ ናት። አገሯ ከተመለሰች በኋላ በዚሁ ሙያ ልጆቿን ታሳድጋለች። በእኛው ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥም አለች። ጁባ ያሉት የእኛ ምግብ ቤቶች አብዛኞቹ የእሷን በርበሬ ነበር የሚጠቀሙት፤ እየተጠቀሙም «የእኛን በርበሬ የሌላ አገር ሰው ይሠራልናል እንዴ?» ብለው የሚያንሾካሽኩ አልጠፉም።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ጠዋት ታደሰ ከኩሽናው በር ጠራኝ።

«እማዬ፣ እስቲ ይሄን ይዩልኝ።»

በእጁ ነጭ የፕላስቲክ ሳህን ይዟል። ሳህኑ ሮዝ ሆኗል። በሳሙና ፈተገው፣ አልለቀቀም። ከዚያ ከንያኪም ጆንያ ሥር የቀረውን በርበሬ ቆንጥሮ ሶፍት ላይ አደረገና ዘይት ጠብ አደረገበት። ዘይቱ ሲሰፋ ዳር ዳሩ ሮዝ ወጣ።

«በርበሬ ብርቱካንማ ነው የሚለቀው። ሮዝ የሚለቅ በርበሬ በዕድሜዎ አይተዋል?»

አላየሁም።

«ቀለም ነው፤ የጨርቅ ቀለም! ገበያው ውስጥ ሲወራ የነበረው ይሄ ነው፤ ካንሰር ያመጣል የሚሉት። የእኛዋ እህት ደግሞ ሃሌሉያ እያለች ታበላናለች።»

«ቀስ በል ታዴ።»

«ምን ቀስ እላለሁ? ልጆቼ እኮ የሚበሉት ይሄንን ነው!»

ፎቶ አንስቶ የምግብ ቤት ባለቤቶች በሚጻጻፉበት ግሩፕ ላይ ለቀቀው። ምሳ ሳይደርስ ሁሉም አወቀ። ንያኪም ቦዳቦዳ ከሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ አዲስ ጆንያ ይዛ ስትወርድ በሩ ላይ ጠበቃት።

«መልሺው።»

«ምን ሆነ ወንድም ታደሰ?»

«ወንድምሽ አይደለሁም። ወንድሙን ቀለም የሚያበላ የለም።»

ሶፍቱን አፍንጫዋ ሥር አደረገው። አየችው። እጇ ከጆንያው ላይ ወረደ።

«ይሄ ከእኔ በርበሬ ነው የወጣው?»

«ከማን ሊወጣ ነው? እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። እዚያ ትናገሪያለሽ። እስከዚያ አንድም ሰው ካንቺ አይገዛም፤ ለሁሉም ነግሬያለሁ።»

ንያኪም ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ እርስዎም አምነዋል?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አፌ ላይ የመጣው ደግ ቃል ነበር፣ ግን አላወጣሁትም። ሮዙን በዓይኔ አይቻለሁ።

«አላመንኩም፤ አልካድኩምም። ሳላጣራ አልፈርድብሽም፤ ሳላጣራም ነጻ አላወጣሽም።»

ይህን ሁሉ ጥግ ላይ ሆና ሽሮ የምትበላ ደንበኛችን ስትሰማ ነበር። አኬች ትባላለች፤ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የምታስተምር፣ ኢትዮጵያ የተማረች የዚህ አገር ልጅ ናት። እኔን እዚህ እንደሚሉት «ሃቡባ» ነው የምትለኝ፤ አያት ማለታቸው ነው። እጇን ታጥባ መጣች።

«ሃቡባ፣ ቀለም መሆን አለመሆኑን ማየት ይቻላል። እኔ ራሴ በርበሬን በቀላሉ መመርመሪያ አዲስ ዘዴ እየሞከርኩ ነው፤ ናሙና እፈልጋለሁ። ነገ አምጡልኝ።»

«በጣም ጥሩ!» አለ ታደሰ። «ይመርመርና ይለይላት።»

«ያንተም ይመረመራል» አልኩት።

«የእኔ? የእኔ ምን አለና?»

«ለአዋዜ የምትጠቀምበት በርበሬ አለ አይደል? ከሳሽ ሲመረመር ያላየሁበት ፍርድ አልወድም። ሁለታችሁም እኩል ትቆማላችሁ።»

ሳቀብኝ። «ይውሰዱ እማዬ። ከፈለጉ ኩንታሉን ተሸክመው ይሂዱ።»

አኬች እንዴት እንደምናመጣ ነገረችን። ከዚያው ፍጭት የቀረ ያልተከፈተ ጆንያ ንያኪም ቤት ስለነበረ፣ ከላዩ ለብቻ፣ ከሥሩ ለብቻ፣ ማንኪያ እየቀየርን በአዲስ ፌስታል እንድንቀዳ አለች። ከተረፈው ዛላም ጥቂት። ከጆንያው ለመቅዳት እኔው ሄድኩ፤ በእኔ እጅ ቀድቼ፣ በእኔ እጅ አሰርኩ። የታደሰንም እንደዚያው። በየፌስታሉ ላይ ስም ጻፍኩ፤ ጽሕፈቴ ባያምርም ይነበባል።

በማግስቱ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦዳቦዳ ላይ ወጣሁ። ሾፌሩ «ሃቡባ፣ ማፊ ሙሽኪላ!» ይለኛል፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ችግሩ ያለው እሱ ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር ከሰማይ የምመለሰው እኔ ጋ ነበር። ንያኪም በሌላ ሞተር ከኋላ ትከተለናለች። ታደሰ ሥራ አለብኝ ብሎ ቀረ። ውጤቱ ለእሱ ያለቀ ነገር ነበር።

ላብራቶሪ ሲባል እኔ ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር። አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ጠረጴዛ፣ የብርጭቆ ዕቃዎች፣ መስኮቱ ላይ የሚንገጫገጭ ማራገቢያ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ሽታ አለ። አኬች ነጭ ካፖርት ለብሳ ስትመጣ ሽሮ የምትበላዋ ልጅ አልመሰለችኝም።

እያንዳንዱን በርበሬ በየትንሽ ጠርሙሱ አድርጋ ፈሳሽ ጨመረችበት፣ ነቀነቀችው፣ እስኪረጋ ጠበቅን። ከእሷ ዘንድ ካለው ንጹሕ የጨርቅ ቀለምም ለማነጻጸሪያ አንድ ጠርሙስ አዘጋጀች። ሁሉንም ደርድራ «እስቲ ይለዩዋቸው» አለችኝ።

አየሁ። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። እኔ በርበሬ በዓይኔ የማውቀው ሴትዮ፣ ከፊቴ መርዝና ምግብ ተደርድሮ መለየት አቃተኝ።

ቀጥላ መዳፍ የምታህል ስስ ሰሌዳ አወጣች። ጀርባዋ ቆርቆሮ ነው፤ ፊቷ እንደ ፉርኖ ዱቄት የነጣ ነገር ተቀብቷል። ከታች በኩል በእርሳስ ቀጭን መስመር አሰመረች። እንደ ፀጉር በቀጠነ የብርጭቆ ቱቦ ከየጠርሙሱ እየነካች መስመሩ ላይ ነጥብ ነጥብ አደረገች።

«የመጀመሪያው ንጹሑ ቀለም ነው። ቀጥሎ ዛላው። ከዚያ የንያኪም የላይኛው፣ የንያኪም የታችኛው፣ መጨረሻ ላይ የታደሰ።»

«ሁሉም ከአንድ መስመር ነው የሚነሱት?»

«ከአንድ መስመር፣ በአንድ ፈሳሽ፣ በአንድ ሰዓት።»

«ማንም አይቀድምም?»

«ማንም አይቀድምም ሃቡባ።»

ይህን ስሰማ ልቤ ተቀመጠ። ምን እንደምታደርግ ባላውቅም፣ ፍትሕ እንዳለበት ገባኝ።

ሰሌዳዋን ሥሩ ላይ ጥቂት ፈሳሽ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አቁማ ከደነችው። ፈሳሹ ከነጥቦቹ በታች ነው፤ አይነካቸውም። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ሰሌዳዋ ከሥር መርጠብ ጀመረች። እርጥቡ ማንም ሳይገፋው ወደ ላይ ይወጣል! የእርሳሱን መስመር ነካ፤ ነጥቦቹ ተነሱ። እጄ ሳላውቀው ወደ ክዳኑ ሄደ።

«ሃቡባ! እንዳይነኩት! በዚህ ሙቀት ከተከፈተ ወዲያው ይተንና ይበላሻል።»

እጄን ጉያዬ ውስጥ ከተትኩ።

«ማን ነው የሚስበው?»

«ጨርቅ ጫፉን ውሃ ሲነካው ወደ ላይ ይርሳል አይደል? እንደዚያ ነው። ቀለሞቹ አብረውት ይጓዛሉ። ነጩን ዱቄት የሚወድ ቀለም እሱን ተጣብቆ ወደ ኋላ ይቀራል። ፈሳሹን የሚወድ አብሮት ይሮጣል። ስለዚህ እየተጓዙ ይለያያሉ።»

እየተጓዙ ተለያዩ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? የዛላው ነጥብ አንድ ቀይ ነበረች። ወደ ላይ ስትወጣ ከውስጧ ቢጫ ወጣ። ከቢጫው ሥር ብርቱካን፣ ከብርቱካኑ ሥር ሌላ ብርቱካን፣ ታች ደግሞ ደበዘዝ ያለ ቀይ። አንዱ በአንዱ ላይ፣ በሥርዓት፣ እንደ ቀስተ ደመና። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀነጥስ፣ ሳሰጣ፣ ስደልዝ የኖርኩት ነገር ነው። ቀይ እያልኩ የጠራሁት አንድ ቀይ አልነበረም። ጌታ እዚያች ፍሬ ውስጥ ይህን ሁሉ አኑሮ፣ እኔ አንድም ቀን ሳላይ አርጅቻለሁ። እንባዬ መጣ። ንያኪም አየችኝና የተከሰሰችበትን ነገር ያየሁ መስሏት ደነገጠች።

«እማማ፣ ምንድነው? ቀለሙ አለ?»

«ቆይ ልጄ። ቆይ።»

አኬች ሰሌዳዋን አውጥታ ፈሳሹ የደረሰበትን በእርሳስ አስምራ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። ሦስታችንም ጎንበስ አልን።

ንጹሑ ቀለም አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ደማቅ ሮዝ፣ ለብቻው ቆሟል። ዛላው በዚያ ቁመት ላይ ባዶ ነው። የንያኪም የላይኛው፣ ልክ እንደ ዛላው፣ ባዶ ነው። ንያኪም እጅጌዬን ጨምድዳ ያዘች። ቀጥሎ የንያኪም የታችኛው። እዚያ ቁመት ላይ ሳሳ ያለች ሮዝ አለች፤ ብርጭቆ ላይ እንደሚቀር የከንፈር ቀለም። እጇ ላላ።

«አለ» አለች በሹክሹክታ። «አለ እማማ። ከየት መጣ? በልጆቼ እምላለሁ፣ እኔ…»

«የመጨረሻውን አላያችሁም» አለች አኬች።

አየን። ወፍራም፣ ደማቅ ሮዝ፣ ከንጹሑ ቀለም ጋር እኩል ቁመት ላይ። ዓይኔ ወደ ፌስታሉ ሄደ። ላዩ ላይ በራሴ ጽሕፈት ታደሰ ይላል።



አኬች በአንዴ አላመነችም። ሌላ ሰሌዳ ወስዳ እንደገና ከመስመሩ ጀመረች። ያው ሆነ። ከዚያ አዲሱን ዘዴዋን አሳየችን። ሰሌዳዋን ውስጡ መብራት ያለበት ጥቁር ሳጥን ውስጥ አስገብታ ከላይ በስልኳ ፎቶ አነሳች። ስልኩ የእያንዳንዱን ነጥብ ድምቀት ለክቶ በመስመር ሣለው። የታደሰ ተራራ ሆነ። የንያኪም የታችኛው፣ ጉብታ። የላይኛው፣ ሜዳ።

«የሚገርመው ይሄ ነው» አለች አኬች አገጯን ይዛ። «ሰው ቀለም ከጨመረ ጆንያው ውስጥ ሁሉ ይኖራል። ይሄ ሥሩ ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ጥቂት። ንያኪም፣ ጆንያው ሥር የሚገባው የትኛው ነው?»

«ከወፍጮው መጀመሪያ የሚወጣው፤ ለየጆንያው ከሥር አከፋፍለዋለሁ።»

«ከአንቺ በፊት ማን ፈጭቶ ነበር?»

ንያኪም መሬት መሬት አየች።

«ወረፋው ብዙ ነበር። አላስታውስም።»

«ታስታውሻለሽ» አልኳት። «ዓይንሽን አየሁት።»

«ይተዉት እማማ።»

«አልተወውም! ማነው?»

ቀና አለች። «እርስዎ ነበሩ።»

ያ በርበሬ የተፈጨ ቀን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የሆነው ሁሉ ትዝ አለኝ። ታደሰ ለአዋዜ ብሎ ከገበያ የተደለዘ በርበሬ ገዝቶ ነበር፤ ቀይነቱ ያስገርማል ብለን አድንቀነው ነበር። ይላም ብሎ እኔን ላከኝ። ንያኪም ወረፋዋ ደርሶ ጆንያዋን አንስታ ነበር። ስታየኝ መልሳ አስቀመጠችውና «እማማ ይቅደሙ፤ በዚህ ፀሐይ አይቆሙም» አለችኝ። እንደ እኛ ልጅ ነው ያደገችው፤ ታላቅ ቆሞ እሷ አትቀድምም። እኔ ቀደምኩ። የእኔ በርበሬ ወፍጮው ሆድ ውስጥ የተወውን፣ የእሷ ጠርጎ ይዞት ወጣ።

«ከትናንት ጀምሮ ጠርጥረሽ ነበር?»

«ሶፍቱን ሳይ ትዝ አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ስምሽ እየጠፋ!»

«ምን ልበል? ከዚያ ሁሉ ሰው እናጣራ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። በእርስዎ ላይ ጣቴን ልቀስር?»

ተቀመጥኩ። አኬች ውሃ አመጣችልኝ። ከዚያም፣ የበለጠ ለማረጋገጥ ናሙናው ሌላ አገር ወዳለ ትልቅ ማሽን እንደሚላክ፣ ያ ማሽን እያንዳንዱን ነገር ለይቶ እንደሚመዝን ነገረችን። «ለሽማግሌ ግን ይሄ ይበቃል» ብላ ሁለተኛውን ሰሌዳ ብርሃን እንዳያደበዝዘው በፎይል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

ቅዳሜ ታደሰን ለብቻው ጠራሁት። ሰውን ሳያውቅ አደባባይ ላይ መጣል አልወድም። ሰሌዳውን አሳየሁት፣ እንዳስረዳችኝ አስረዳሁት። ፊቱ አመድ ሆነ።

«ነጋዴው ነው ያታለለኝ እማዬ። አላወቅኩም።»

«አምንሃለሁ። እሷም አላወቀችም። በዚህ እኩል ናችሁ። ልዩነታችሁ አንተ ጮህክ፣ እሷ ደግሞ የእኔን ስም ላለማንሳት ዝም አለች።»

«ይሄን ሽማግሌዎች ፊት ያወጡታል?»

«አወጣዋለሁ።»

«በእኔ ላይ? በእኔ ቤት እየኖሩ?»

«የሆሳዕና ቤቴ በር አልተነቀለም ልጄ። ቁልፉም ከእኔ ጋር ነው።»

ልጄ ከጓዳ ሆና ሰምታ አለቀሰች። እኔም ሆዴ ባብቷል፤ አልዋሻችሁም። ልጅና የልጅ ልጆች ትቶ መሄድ ቀላል አይደለም። ሰሌዳውን ግን አላስቀመጥኩትም።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ የምግብ ቤት ባለቤቶቹም መጡ። ንያኪም የመዘምራን ልብሷን እንደለበሰች ጥግ ላይ ቆማለች። እጄን ወደ ደረቴ ስሰድ ታደሰ ተነሳ።

«እማዬ ይቆዩ። እኔ ልናገር።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «እንግዲህ ወገኖች፣ ገበያው ውስጥ ያሉ አንዳንድ ነጋዴዎች…»

በጃንጥላዬ ወለሉን መታሁ። «ከነጋዴው አትጀምር! ከራስህ ጀምር!»

ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ግን ከራሱ ጀመረ። ቀለሙ የተገኘው እሱ በገዛው በርበሬ ውስጥ መሆኑን፣ ሳያጣራ ስሟን ማጥፋቱን፣ ሁሉንም ተናገረ። ሰሌዳው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መነጽሩን አውልቆ አፍጥጦ ቆየና «ይሄ ሁሉ በርበሬ ውስጥ ነበር?» አለ። በርበሬ ውስጥ ነበር አልኩት፤ እንደ ራሴ ሥራ ኮራሁበት።

ታደሰ ንያኪም ፊት ተንበረከከ። አነሳችው፣ አቀፈችው። «ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «በርበሬ ግን አልሸጥልህም።»

አንዱ ሽማግሌ «እህታችን፣ ከልብሽ ይቅር ካልሽ እኮ…» ብሎ ጀመረ።

«ከልቤ ነው አባባ። ይቅርታው ለነፍሱ ነው። በርበሬው ግን የልጆቼ እንጀራ ነው፤ ሳያጣራ ለሚጮህ ሰው አልሰጠውም።»

ሁሉም እኔን አዩኝ። «ልክ ናት» አልኩ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይህ ነው የገጠመኝ። ከዚያ ወዲህ ንያኪም ለሌሎቹ ሁሉ ታቀርባለች፤ ወፍጮ ቤት ስትሄድ መጀመሪያ ከራሷ ዛላ ጥቂት አስፈጭታ ያንን ትደፋዋለች። ታደሰ ያን በርበሬ እኔው ቆሜ እያየሁ ጉድጓድ ውስጥ ቀበረው። አኬች ደግሞ ከገበያው ናሙና እየለቀመች ትመረምራለች፤ ነጋዴውም በተራው ከአንድ መስመር ይነሳል።

እኔን የለወጠኝ ግን ሌላ ነው። በዕድሜዬ ሙሉ ፍትሕ ማለት ደፍሮ መናገር ይመስለኝ ነበር፤ ተናጋሪም ነኝ። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ፍትሕ ማለት ክዳኑን ሳይነኩ መጠበቅም እንደሆነ አየሁ። ያ ፈሳሽ የየት አገር ሰው ነሽ አላለም፣ ማን ጮኸ አላለም፣ ማን አማት ነው አላለም። ሁሉንም እኩል አንስቶ፣ እያንዳንዱን በራሱ ቦታ አቆመው። እናንተም በሰው ላይ ፎቶ አንስታችሁ ለግሩፕ ከመልቀቃችሁ በፊት፣ ዓይናችሁ አንድ ቀይ ብቻ የሚያይ መሆኑን አስቡ።

እኔ እስካሁን ከታደሰ ቤት አልወጣሁም፤ ውጪ ያለኝም የለም። ደንበኞቹ «ወጡ ምነው እንደ ድሮው አይደለም?» ሲሉት እሱ ራሱ በጣቱ ማዶ ያለውን ምግብ ቤት እያሳየ «የንያኪም በርበሬ እዚያ ነው» ይላቸዋል። እኔም ወጥ ሲያምረኝ፣ አማቼ እያየኝ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ መንገዱን እሻገራለሁ።